ፎቶውን የሰጣችሁን እናንተ፣ ክፈሉ የተባልነው እኛ

ለቱሪዝም ማስተዋወቂያ ሥራ ኃላፊነት ላለበት መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችን ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በላሊበላ፣ በደሴና በሐይቅ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ያለን ሰዎችና በግላችን የምንሠራ አስጎብኚዎች ነን። ጉዳዩን በቃል ነግረናችኋል፣ በጽሑፍ አመልክተናል፣ ሁለት ጊዜም ተወካይ ልከናል። በአደባባይ ለመጻፍ የወሰንነው ይህ ሁሉ አልፎ መልስ ስላጣን ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ አላሰፈርንም። የዚህ ደብዳቤ ዋና ቅጂ በመዝገብ ቤታችሁ ገቢ ስለሆነ ለማን እንደተጻፈ እናንተው ታውቃላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ2011 ዓ.ም. በደሴ ከተሰጠው የሁለት ቀን ሥልጠና ነው። ርዕሱ ንግዳችንን በኢንተርኔት ስለማስተዋወቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ የምስክር ወረቀት ሊታደል ሲል፣ ለእያንዳንዳችን አንድ ሰማያዊ ፍላሽ ዲስክ ተሰጠን። (እኔ የሁላችን ተወካይ ሆኜ ይህን የምጽፈው፣ በላሊበላ ማረፊያ ያለኝ ሰው ነኝ።) የእኔ ፍላሽ ክዳኑ ስለላላ እስከ ዛሬ በፕላስተር እንደታሰረ ነው። ውስጡ «ለማስተዋወቂያ» የሚል ማኅደርና 64 ፎቶዎች አሉ፤ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ሲታይ፣ በገና ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ከነሐይቁ፣ የባቲ የሰኞ ገበያ ግመሎች፣ ደሴ ከጦሳ ተራራ ላይ ስትታይ፣ የግሸን አምባ። አሠልጣኙ «ድረ ገጻችሁ ባዶ አይሁን፤ እነዚህን እንደልባችሁ ተጠቀሙባቸው» አሉን። ከፍላሹ ጋር የተሰጠን ማኅተም ያረፈበት የአንድ ገጽ ደብዳቤም ይህንኑ ይል ነበር። ፎቶዎቹን ማን እንዳነሣቸው የተጻፈ ነገር አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በማኅተም የሰጠንን ነገር «ከየት አመጣችሁት?» ብሎ መጠየቅ በዚያን ጊዜ ለማናችንም አልታየንም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም.፣ ከውጭ አገር ኢሜይል ደረሰኝ። ላኪው የፎቶ አንሺዎችን መብት አስከብራለሁ የሚል ድርጅት ነው። በአንድ በኩል የድረ ገጼ ገጽታ ከነቀኑ ተቀርጾ፣ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ በቀይ መስመር ተከቦ፤ በሌላ በኩል ዋናው ፎቶ ተቀምጧል። ከሥሩ 690 ዩሮ የሚል አኃዝ፣ የ21 ቀን ቀነ ገደብና በካርድ መክፈያ መግቢያ አለ። በተባለው ቀን ካልከፈልሁ ጉዳዩ ወደ ጠበቆች እንደሚመራ ይናገራል። በእኔ ድረ ገጽ ላይ ያለው ፎቶ አንሶና ከግራ በኩል ተቆርጦ ነበር፤ ይህ ግን ከመገኘት አላዳነውም። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ድረ ገጾችን ቀን ከሌት የሚያስስ ሶፍትዌር አላቸው። ሶፍትዌሩ የፋይሉን ስም ትቶ ምስሉን ከምስሉ ጋር ስለሚያነጻጽር ቢቆረጥም ቢጠብም ያገኘዋል።

በፎቶው ላይ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ መቋሚያ የያዙ ቄስ በአፋፉ ላይ ቆመው ይታያሉ። ጎረቤቴ ናቸው። ወረቀቱን አትሜ ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «ይህችን ጋቢ እናቴ ናት የፈተለችልኝ» አሉ። ቀጥለውም ገንዘቡ ለማን እንደሚከፈል ጠየቁኝ። ለፎቶ አንሺው፣ እሱን ወክሎ ለሚጠይቀው ድርጅትም እንደሆነ ነገርኋቸው። «ይሁን፤ ደክሞበታል» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

እኔም የፎቶ አንሺውን ድካም አልካድሁም። 690 ዩሮ ግን በዚያ ወር ስናሰላው ከ40 ሺህ ብር በላይ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ያው ዕዳ ወደ 80 ሺህ ብር ደረሰ። ስድስት ክፍል ያለው ቤት ነው ያለኝ። ከኮሮና ወረርሽኝና ከጦርነቱ ወዲህ ስድስቱም ክፍሎች በአንድ ሌሊት የተያዙበትን ቀን በጣት መቁጠር እችላለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ እናንተ መጣሁ። በመጀመሪያው ቀን የሚያናግሩኝ ሰው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ባለሙያ ተቀብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ድረ ገጹ የእርስዎ ነው፤ ፎቶውን የለጠፉትም እርስዎ ነዎት፤ ጉዳዩ የግል ነው» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን በ2011 ዓ.ም. ከፍላሹ ጋር የታደለውን ደብዳቤ ቅጂ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። የእኔ ቅጂ በጦርነቱ ጊዜ ቤቴ ሲዘረፍ ከኮምፒውተሩና ከፋይሎቹ ጋር ሄዷል። ፍላሹ የተረፈው ልጄ በቦርሳዋ ይዛው ስለወጣች ብቻ ነው። ከመዝገብ ቤት የተመለሰልኝ ቃል «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ነበር። ይህንኑ በጽሑፍ ስጡኝ ብልም አልተሰጠኝም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ይህ ነው። ፎቶዎቹን አድላችሁናል፤ መብቱ የእናንተ መሆን አለመሆኑን ግን ሳታጣሩ ነው። ችግሩ ሲመጣ ደግሞ ማደላችሁን የሚመሰክር አንድ ወረቀት እንኳ ነፈጋችሁን። ያ ወረቀት ዕዳውን እንደማይሰርዝልን እናውቃለን። በቅጂ መብት ሕግ ፎቶውን ያወጣው ሰው «ሌላ ሰጥቶኝ ነው» በማለት ብቻ ነጻ አይወጣም። ነገር ግን በቅን ልቦና መጠቀማችንን ያሳያል፤ ለድርድርም ጉልበት ይሆናል። እኔ ያለዚያ ወረቀት ነው የተደራደርሁት። ፎቶውን በዚያው ቀን አነሣሁ፤ ፎቶ አንሺው ለድርጅቱ የሰጠውን ውክልናና የፎቶውን ዋና ቅጂ እንዲያሳዩኝ ጻፍሁ፤ እንዴት እጄ እንደገባም አስረዳሁ። ድርጅቱም ማስረጃውን ላከልኝ፤ በቂ ነበር። ፎቶ አንሺው ለገና በዓል ወደ ላሊበላ መጥቶ ያነሣው፣ ከዚህ ሥራ የሚበላ ሰው ነው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ጥያቄው ወደ 280 ዩሮ ወረደ። ይህን ገንዘብ እከፍላለሁ ብያለሁ። በብር ሂሳብ በኩል ከላሊበላ ሆኖ እንዴት እንደሚከፈል ግን እስከ ዛሬ መንገዱን እየፈለግሁ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ዝምታችሁ ያስከተለው ጉዳት ነው። ከእኔ በፊት ሌሎችም ይህ ደርሶባቸዋል፤ ለእናንተም አመልክተዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ለሠልጣኞቹ ሁሉ ቢላክ ኖሮ የሚከተለው ባልሆነ ነበር።

በደሴ የጉዞ ወኪል የሆነ ወጣት በባቲው ገበያ ፎቶ ምክንያት 450 ዩሮ ተጠየቀ። ደብዳቤው «እስከ 150 ሺህ ዶላር» የሚል ሐረግ ነበረበት። ይህ አኃዝ በአሜሪካ ሕግ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ፍርድ ቤት በአንድ ሥራ ሊወስን የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ለዚህም ሥራው በዚያው አገር የቅጂ መብት መዝገብ በጊዜው መመዝገብ አለበት። ልጁ ይህን የሚነግረው ሰው አላገኘም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ጀርመን ያለች አክስቱን ለመነ፤ እሷም ከፈለችለት። ከሦስት ወር በኋላ ስለዚያው ፎቶ ሌላ ድርጅት ጻፈለት። በዚህ ጊዜ የመብቱ ባለቤቶች መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ላኩልኝ ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው አልተሰማም። የመጀመሪያዎቹን ይህን ሳይጠይቅ ነው የከፈላቸው፤ እውነተኛ ይሁኑ አይሁኑ ዛሬ ለማወቅ ጊዜው አልፏል። አክስቱ ገንዘቡን መልስልኝ አላለችውም፤ እሱ ግን በስልክ ባናገራት ቁጥር ያፍራል።

ሌላዋ በሐይቅ ዳር ማረፊያ ያላቸው እናት ናቸው። ከፍላሹ አንድም ፎቶ አልተጠቀሙም። በገጻቸው ላይ ያሉት ሁሉ ወንድ ልጃቸው በስልኩ ያነሣቸው ናቸው፤ ዓሣው ሲጠበስ፣ ታንኳው ሲመጣ፣ እሳቸው ቡና ሲቆሉ። የእኛን ጉዳይ ግን ሰምተው ነበር። «ፎቶዬን ሰርቀሻል፤ ማስረጃውን ከዚህ አውርደሽ ተመልከቺ» የሚል መልእክት ሲመጣላቸው ደነገጡ፤ የእህታቸው ልጅም ማስፈንጠሪያውን ከፈተ። ማጭበርበሪያ ነበር። ኮምፒውተሩ ተቆለፈ፤ የሁለት ዓመት የእንግዶች መዝገብ ጠፋ። እኚህን እናት የጎዳቸው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም የመጣው እውነተኛውን ጥያቄ ከሐሰተኛው የሚለይላቸው ሰው ስለሌለ ነው።

ሦስተኛው ነገር በጣም የሚያናድድ ነው፤ ምክንያቱም ለመከላከል አንድ መስመር ጽሑፍ ይበቃ ነበር። ከ64ቱ ፎቶዎች የአሥራ አንዱን ምንጭ እኛው ተቀምጠን ፈልገን አግኝተናል። ከእነሱ አምስቱ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ የወጡ ናቸው። እነዚህን በነጻ መጠቀም ይቻላል፤ የሚጠየቀው የአንሺውን ስምና የፈቃዱን ዓይነት ከፎቶው ጋር መግለጽ ነው። ፍላሹን ያዘጋጀው ሰው ስሞቹን አብሮ ቢገለብጥ ኖሮ በአምስቱ ማንም አይጠየቅም ነበር። በአራተኛው የፈቃዱ እትም፣ ስም ሳይጠቅስ የተጠቀመ ሰው ጥፋቱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ ፈቃዱ ይመለስለታል። በቀደሙት እትሞች ግን ይህ ዕድል የለም፤ ስም መዝለል ብቻውን ፈቃዱን ያቋርጠዋል። እኛ ይህን የተማርነው ከሥልጠናችሁ ሳይሆን ከሚያስፈራሩን ደብዳቤዎች ነው።

አራተኛው ቅሬታ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በወሎ ያሉ ፎቶ አንሺዎችም ነው። በደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ያለው ወዳጃችን ለዓመታት ሰኞ ሰኞ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ባቲ ሲወርድ እናውቀዋለን፤ ብርሃኑ ከመጠንከሩ በፊት ከአፋር በኩል የሚመጡትን ነጋዴዎች ለማንሣት ነው። ከእነዚያ ፎቶዎች አንዱ በእናንተ የቀን መቁጠሪያ ላይ ወጣ። በኋላም በመንገድ ዳር በተተከለ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ታየ። ማንም አልጠየቀውም፤ ማንም አልከፈለውም። ከፎቶው ግርጌ የነበረው ስሙ ተቆርጧል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ከቀኝ ማዕዘኑ ላይ የመጨረሻው ፊደል ግማሹ ቀርቷል። ሄዶ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ «አካባቢህን ስላስተዋወቅንልህ ደስ ሊልህ ይገባል» የሚል ነበር።

የአገራችን ሕግ እንዲህ አይልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ሥራው እንደተፈጠረ መብቱ ያለ ምዝገባ የሥራ አመንጪው እንደሚሆን ይደነግጋል። ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብትም ይሰጠዋል። ለፎቶግራፍ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። የውጭው ፎቶ አንሺ ላሊበላ እስካለሁት እስከ እኔ ድረስ ሶፍትዌር ልኮ መብቱን ይጠይቃል። የደሴው ፎቶ አንሺ ግን የሠራውን ሥራ በየቀኑ በመንገድ ዳር እያየ ዝም እንዲል ይነገረዋል። ሁለቱም በሥራቸው ደክመዋል። አንዱን ስላልጠየቃችሁ እኛ ክፈሉ ተባልን፤ ሌላውን ስላልጠየቃችሁ እሱ ራሱ ከሰረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከወሎ ሆኖ ስለ ፎቶ ሲጻፍ ሳይነሣ ማለፍ ስለማይችል ነው። በ1977 ዓ.ም.፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በቆረም የተነሡ በረሃብ የተጎዱ ወገኖቻችን ምስሎች ዓለምን አስደንግጠው እርዳታ አምጥተዋል። ያነሡትን ሰዎች እናመሰግናለን። ምስሎቹ ዛሬም በምስል መሸጫ ድርጅቶች ዋጋ ተለጥፎባቸው ይገኛሉ። ከብዙዎቹ ሥር የአንሺው ስም አለ፤ የተነሣችው እናት ስም የለም። አያቴ ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው፤ እስኪሞቱ ድረስ ካሜራ ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስቡ ነበር። «ማን አነሣው? ማንን አነሣ? ፈቀደ ወይ?» ብሎ መጠየቅ በዚህ አገር ከማንም በፊት የእናንተ ሥራ መሆን ነበረበት።

መልሳችሁ እስኪመጣ ድረስ እኛ እርስ በርሳችን ተመካክረን አንዳንድ ነገር ይዘናል። ጥያቄ ሲመጣ አንደብቀውም፤ በዚያው ቀንም አንከፍልም። በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ማስፈንጠሪያ ሳንነካ የድርጅቱን አድራሻ በራሳችን ፈልገን እናረጋግጣለን። የገጹን ቅጂ ለራሳችን አስቀምጠን ፎቶውን እናነሣለን፤ ማንሣቱ ያለፈውን ባይሰርዝም ጥፋቱ እንዳይቀጥል ያደርጋል። ከዚያ የባለቤትነትና የውክልና ማስረጃ፣ እንዲሁም ለዚያ ፎቶ የተለመደው የፈቃድ ዋጋ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንጠይቃለን፤ ቀነ ገደቡም ሳያልፍ መልስ እንሰጣለን። ይህን ለሌሎቹ እየደወልን የምንነግረው እኛ ነን። በሥልጠናው የተገኙት ሰዎች ዝርዝር ከነስልክ ቁጥራቸው ያለው ግን በእናንተ እጅ ነው። ፎቶዎቹ ዛሬም በብዙ ገጾች ላይ አሉ፤ ባለቤቶቻቸው የሚመጣባቸውን አያውቁም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ በ2011 ዓ.ም. በተሰጠው ሥልጠና 64ቱን ፎቶዎች ለማስተዋወቂያ ያደላችሁን እናንተ መሆናችሁን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለእያንዳንዳችን ስጡን። ፋይሉ ጠፍቶ ከሆነም ሥልጠናውን የሰጡት ባለሙያዎች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው፤ ቃላቸውን ተቀብሎ መጻፍ ይቻላል።

የ64ቱን ፎቶዎች ምንጭ አጣርታችሁ የትኛው መውረድ እንዳለበት፣ የትኛው ስም ተጽፎበት ሊቆይ እንደሚችል ለሠልጣኞቹ በሙሉ አሳውቁ። እኛ ያገኘነውን የአሥራ አንዱን ዝርዝር ከዚህ ጋር አያይዘናል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የመጣበት ሰው ወረቀቱን ይዞ የሚሄድበት አንድ የሕግ ባለሙያ መድቡልን፤ ስሙና ስልኩ በግልጽ ይለጠፍ። የተረጋገጠ ጥያቄ ሲሆን ከወጪው ምን ያህሉን መሥሪያ ቤቱ እንደሚጋራ ተነጋግረን እንወስን፤ ክፍያውም በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ የሚላክበትን ሁኔታ ከባንክ ጋር በመነጋገር አመቻቹልን።

ለደሴው ፎቶ አንሺ ስሙን መልሱለት፤ ለተጠቀማችሁበትም ክፈሉት። ከዚህ በኋላ ለማስተዋወቂያ የሚሆን ፎቶ ስትፈልጉ በወሎ ካሉ ፎቶ አንሺዎች በውል ግዙ፤ የምንጠቀም ሰዎችም የፈቃዱን ወረቀት ከፎቶው ጋር እናግኝ። ከደሴ እስከ ላሊበላ ይህን ሥራ በሚገባ የሚሠሩ ልጆች አሉ።

መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። የገና እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ገጾቻችንን ማስተካከል አለብን፤ እኔም የመግቢያ ገጼ ላይ የቤተ ጊዮርጊስ ቦታ ከግንቦት ወዲህ ባዶ ነው። ጎረቤቴ ቄሱ ደግመው ለመነሣት ፈቃደኛ ናቸው። የደሴው ወዳጃችን መጥቶ ሊያነሣቸው ተስማምቷል፤ ዋጋውንም ተነጋግረናል።

ከአክብሮት ጋር፣

በላሊበላ፣ በደሴና በሐይቅ የሚገኙ የአነስተኛ እንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችና የግል አስጎብኚዎች ተወካይ፣
የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትና አስጎብኚ
ላሊበላ፣ ሰሜን ወሎ
ኅዳር 2017 ዓ.ም.